አባይ መሃል የሚጠፋው ሞተር

ከአሶሳ ከተመለስኩ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ስለ ማንጎው፣ ስለ ሙቀቱና ስለ መንገዱ ርዝመት ይጠይቀኛል። እኔም የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ። ማንጎው ጣፋጭ ነው፤ ሙቀቱ ባሕር ዳርን ብርድ ያስብላል፤ መንገዱ ወገብ ይቆርጣል። የሄድኩበትን ጉዳይ ግን በአፌ ጀምሬ ጨርሼው አላውቅም። መሃል ላይ ስደርስ ወደ ማንጎው እመለሳለሁ። በጽሑፍ ይሻለኝ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት፤ ወደዚያ አገር የመሄድ ዕድል የማያገኝ ሰውም መንገዱን ቢያይበት አይከፋም።

ሥራዬ የጀልባ ሞተር ጥገና ነው። ጣና ላይ ሰውና እህል የሚያመላልሱ ጀልባዎችን ስፈታና ስገጥም ጸጉሬ ሸብቷል። ወደ አሶሳ ስጠራ ክልሎች ገና መቋቋማቸው ነበር። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንድ ቢሮ አባይ ላይ ሰው የምታሻግር ትንሽ የናፍጣ ጀልባ ነበረችው። ሞተሯ ዳር ላይ ደህና ይነሳና ወንዙ መሃል ሲደርስ ይጠፋል። ሁለት መካኒኮች አይተዋት «ምንም የለባትም» ብለው ተመልሰዋል። የመኪና መካኒኮች ናቸው፤ ዳር ላይ አስነስተው ድምፁን ሰምተው ነው የሄዱት። በመጨረሻ የውሃ ሞተር የሚያውቅ ሰው ከጣና ይምጣ ተባለና ዕጣው ለእኔ ደረሰ።

ሰኞ

መንገዱ ከመጀመሪያው ግራ የሚያጋባ ነው። ከባሕር ዳር ቤቴ ተነስቼ በዳንግላና በቻግኒ በኩል ብወርድ፣ የዚያው ክልል መሬት የሆነው መተከል ሩቅ አይደለም። ዋና ከተማው አሶሳ ግን ከአባይ ወዲያ ማዶ ነው፤ በዚያ በኩል የሚሻገሩበት ድልድይ የለም። ስለዚህ ጎረቤቴ ቤት ለመግባት አዲስ አበባ ወርጄ፣ ወለጋን ሙሉ አቋርጬ፣ በጓሮ በር መዞር ነበረብኝ።

ሚስቴ በሶ በከረጢት ቋጥራ ሰጥታኝ ነበር። የአውቶቡሱ ረዳት ከመፍቻዎቼ ሻንጣ ጋር ፖርቶ መጋላው ላይ ወርውሮ አሰረው። ደብረ ማርቆስ ለምሳ ስንወርድ ከረጢቱ ተቀዶ የሁሉም ሰው ዕቃ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ከሁሉ የባሰው የአንድ ቄስ ጥቁር ካባ ነበር። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን ካባውን አራግፈው ጣታቸውን ቀመሱና፣ «ከአቧራው ይኼ ይሻላል ልጄ፤ ቢያንስ ይበላል» አሉ። ሚስትህ ገብሱን አሳምራ ነው የቆላችው ብለውም አመሰገኑልኝ።

አባይ በረሃ ወርደን ድልድዩን ስንሻገር በመስኮት ወደ ታች አየሁ። ይኼ ውሃ በእኔ ደጅ አልፎ የመጣ ነው። እኛ ዘንድ ከሐይቁ ሲወጣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ሰላማዊ ውሃ ነው። እዚህ ገደል ውስጥ ገብቶ ጠባዩ ተለውጧል። የምሄድበት ቦታ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩና አቃተኝ።

ማክሰኞ

አዲስ አበባ አንድ ዘመድ ቤት አድሬ በማለዳ የነቀምቴውን አውቶቡስ ያዝኩ። ዝናብ አብሮን መጣ። አገሩ ለምለም ነው፤ የእኛ ማሳ በሚያዝያ ገና ተሰነጣጥቆ ዝናብ ይለምናል፣ የእነሱ አረንጓዴ ለብሶ ይጠብቅሃል።

ነቀምቴ ስንደርስ የገባሁበት አልቤርጎ ሁሉ ሙሉ ነበር። የመጨረሻው ባለቤት ወፍራም፣ ድምፃቸው የሚያስፈራ ሴትዮ ናቸው። «ክፍል የለም» አሉኝ። ዞር ስል ጠሩኝና፣ «ክፍል የለም አልኩህ እንጂ ውጭ እደር አልኩህ? ሽንኩርት ካልጠላህ ዕቃ ቤት አነጥፍልሃለሁ» አሉ። ሽንኩርት አልጠላሁም። ራቴንም የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። አንጮቴ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅለው፣ በቅቤና በበርበሬ ለውሰው አቀረቡልኝ። ድንች ነው ብዬ ጎረስኩ፤ አይደለም፤ ድንች እንዲህ ዓይነት ዘመድ ቢኖረው ኖሮ ይኩራራ ነበር። ሲነጋ የተረፈውን በቅጠል ጠቅልለው ለመንገድ ሰጡኝ። በሶዬ መንገድ ላይ እንደቀረ አልነገርኳቸውም ነበር።

ረቡዕ

ከጊምቢ በኋላ መንገዱ ቀይ አቧራ ሆነ። መንዲን አልፈን ዳቡስ ወንዝ ልንደርስ ስንል ጎማ ፈነዳ። ተለዋጭ የተባለው ጎማ ከፈነዳው የባሰ ነበርና ሾፌሩ ሁለቱን እያፈራረቀ ሲያይ ቆመ። እኛ ጥላ ፈለግን። በአንድ ማሳ ዳር የሚሠሩ ሰውዬ ጠርተው ውሃ ሰጡን። ሲናገሩ ወሎዬ መሆናቸው ታወቀኝ። በድርቁ ጊዜ በሰፈራ መጥተው እዚያው ልጅ ወልደው ቀርተዋል። «አገሩ እንዴት ነው?» አልኳቸው። «ያበላል፤ ግን የቀበርናቸው እዚያ ናቸው» አሉና ወደ ማሽላቸው ተመለሱ።

አሶሳ ስንገባ ጸሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከተማዋ የማንጎ ጫካ ውስጥ የተደበቀች ትመስላለች። ቢሮዎቹ አዲስ ናቸው። አንዱ ሰሌዳ ላይ ጣቴን ባሳርፍ ቀለሙ ተከትሎኝ መጣ። የወንበሮቹ ላስቲክ ገና አልተላጠም፤ በቀርከሃ በታጠረው ግቢ ውስጥ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ በየዘዬው ሰላምታ ይሰጣጣል። እኔን የተቀበለኝ ገመቹ የሚባል የቢሮው የትራንስፖርት ሠራተኛ ነው። የባምባሲ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሥራ ሲይዝ መዝሙር በአፍንጫው የሚያንጎራጉር ጴንጤ።

«ጋሼ፣ ደህና ገባህ? መኪና አለ፤ ናፍጣ ነው የሌለው» አለኝ።

ሐሙስ

ቀኑ ናፍጣ ስንፈልግ አለቀ። ቦቴ ካልመጣ ከተማው ውስጥ ጠብታ የለም፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ቦቴው ዳቡስን ሳያልፍ ይቀራል። እኛ ዘንድ ናፍጣ መሬት ላይ ሲፈስ ማንም ዞር ብሎ አያይም። እዚህ ገመቹ አንድ በርሜል ፈልጎ ሲያገኝ እንደ ሙሽራ አጅበን አመጣነው። እኔ ከመፍቻዎቼ ላይ በሶ እያራገፍኩ፣ ናፍጣውን በጨርቅ አጥልዬ ጄሪካን ስሞላ ዋልኩ። ከጨርቁ ላይ የቀረውን ዝቃጭ ሳይ የጀልባዋ በሽታ ይኼው ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆሻሻ ናፍጣ ፊልትሮ ይደፍናል፤ ፊልትሮ ሲደፈን ሞተር ይጠማዋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል መስሎኝ በጊዜ ተኛሁ።

አርብ

በሆሞሻና በመንጌ በኩል ወደ ወንዙ ወረድን። ቁልቁል በሄድን ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ቀርከሃው እየሳሳ ይሄዳል። ገመቹ እየነዳ መዝሙሩን አቆመና፣ «ጋሼ፣ ሳትደርስ አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ።

የጀልባዋ ነጂ ሐሚድ ይባላል፤ የበርታ ሰው ነው። አስያ የምትባል ልጁን ከወንዙ ማዶ፣ በጉባ በኩል ድሯት ነበር። ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ያዛትና ሁለት ቀን ተቸገረች። በማዶ ሐኪም የለም። ሐሚድ በጀልባው ሄዶ አሳፈራት፤ ወዲህ አሻግሮ መንጌ ጤና ጣቢያ ሊያደርሳት። ሲሄድ ሞተሩ አላስቸገረውም። ሲመለስ መሃል ላይ ጠፋ። ውሃው ቁልቁል ይዟቸው ሄደ። እሱ በቀርከሃ ምሰሶ ከድንጋይ ድንጋይ እየገፋ፣ ከብዙ በኋላ ማዶው ዳር ካለ አሸዋ ላይ አወጣቸው። አስያ እዚያው አሸዋው ላይ ሞተች፤ ልጁም አልተወለደም። ሐሚድ ሞተሩን ዳግም ማስነሳት ስላልደፈረ አስያ እዚያው ዳር ተቀበረች።

«እናቷ ከዚያ ወዲህ ጀልባዋ ላይ እግሯን አላሳረፈችም» አለ ገመቹ። «መቃብሩንም አላየችው። እሱ ሰው ማሻገር አልተወም፤ በምሰሶ ነው የሚገፋው። ሞተር አስነሳ ቢሉት እምቢ ይላል።»

ማርሽ ቀንሶ ቁልቁለቱን ወረደ።

አባይን ከላይ ሳየው አላወቅሁትም። ሰፊ ነው፤ ቡናማ ነው፤ መሃሉ ላይ ጥቁር ድንጋዮች ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ሐሚድ ከጁምዓ ሶላት ተመልሶ ዳር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ጢሙ የነጣ ሰው ነው። እጄን ይዞ ስለ እኔ ጤና፣ ስለ ቤተሰቤ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ከብቶቼ ጠየቀኝ። ከብት የለኝም፤ ደህና ናቸው አልኩ። «ኡስታ» ብሎ ጠራኝ፤ በእነሱ ዘንድ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ጀልባዋን ደግሞ «መርከብ» ይላታል። ጣና ላይ እንዲህ ያለችዋን መርከብ ብንላት ትልልቆቹ ጀልባዎች ይስቁብናል። የሐሚድ አማርኛ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ እኔ ግን ከበርታኛ አንዲት ቃል ስለማላውቅ የምስቅበት አፍ አልነበረኝም።

ባለቤቱ መርየም ውሃ አምጥታ አስታጠበችን። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበችልን፤ ወጡ ከጣት የማይለቅ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ነው። ቤታቸው የቀርከሃ ግድግዳ አለው። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ቅሎች በተርታ ተሰቅለዋል፤ አፋቸው ሁሉ በጥቁር ሰም ተደፍኗል። ሐሚድ ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅል ማር ቆራጭ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት የማሩን ቅል እያንዳንዱን በሰም ይደፍናል፤ እርጥበት አይገባም፤ ጉንዳን አይገባም፤ ጠብታም አይወጣም። አንዱን አውርዶ ገልብጦ አሳየኝ። እኛ ዘንድ ማር በጋን ነው የሚቀመጥ፤ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ እጅ አላየሁም አልኩት። ፈገግ አለ። እዚያ በቆየሁበት ጊዜ ፈገግ ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በልተን ስንጨርስ እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታ፣ ሁለት መካኒክ መጣ። አየ፣ ‘ምንም የለም’ አለ፣ ሄደ። ወላሂ እኔ አልገባኝም። ምንም ከሌለ ልጄን ምን ገደለው? አንተ ሞተሩን ባትሠራውም ግድ የለም። ለምን እንደጠፋ ብቻ ንገረኝ።»

መርየም አማርኛ እምብዛም አትሰማም፤ «ሞተር» የሚለውን ስትሰማ ግን እጇ ሳህኑ ላይ ቆመ።

«አግኝቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ቀላል ነው፤ ገና ምን እንደማገኝ አላወቅሁም ነበር።

ቅዳሜ

ጀልባዋ እንደ እሱ ቤት ንጹሕ ናት። የጣና ጀልባ ሞተር ቤት ስትከፍት ዘይት፣ የበሰበሰ ዓሣና የሲጋራ ቁራጭ ይቀበልሃል። ይቺ ተጠርጋለች፤ ቱቦዎቿ ተወልውለዋል። እኔም በደንቡ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሰልባትዮውን፣ ማለት ናፍጣው የሚቀመጥበትን ብረት ሣጥን፣ ከሥሩ ከፍቼ ዝቃጩን አወጣሁ። ትንሽ ውሃ ነበረው፤ ሞተር የሚገድል አይደለም። ፊልትሮውን አወረድኩ፤ እንደፈራሁት አልነበረም። ቢሆንም ቀየርኩት። ቱቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተልኩ፤ የላላ መጋጠሚያ አየር ይስባል። አንዱንም ሳልተው አጠበቅሁ። በእጅ ፖምፓው እየገፋሁ ውስጡ ያለውን አየር አስወጣሁ። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ተነሳ፤ ድምፁ የሚያምር ድምፅ ነው።

«እነሱም እዚህ ላይ ነው የሄዱት» አለ ሐሚድ።

እኔ አልሄድኩም። ጀልባዋን በረጅም ገመድ ከዛፍ ጋር አሰርን፤ ገመቹ ዳር ላይ ገመዱን ያዘ። እኔና ሐሚድ ወደ ውሃው ገባን። ሐሚድ መሪውን ያዘ። ውሃው እየገፋን፣ ሞተሩ እየገፋው፣ ባለንበት ቆምን። ሞተሩ ደህና ሠራ። ቆይቶ ድምፁ ቀጠነ፤ ተንተባተበ፤ ጠፋ።

ሐሚድ ዐይኑን ጨፈነ።

ናፍጣ አለቀ እንዴ ብዬ የሰልባትዮውን ክዳን ፈታሁ። ክዳኑ ሲላቀቅ ሣጥኑ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ታፍኖ የቆየ ሰው ሲተነፍስ እንደሚሰማው ያለ። ያን ድምፅ ስሰማ ጉዳዩ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ናፍጣ ከሰልባትዮ እየተሳበ ሲወጣ በቦታው አየር መግባት አለበት። ለዚያ ነው ክዳኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ የሚተውለት። አየር ካልገባ ሣጥኑ ውስጥ ባዶነት ይበረታና ናፍጣውን አልለቅም ብሎ ይይዘዋል፤ ፖምፓው ይስባል፣ ምንም አይመጣለትም።

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው» አለ ሐሚድ። «ናፍጣ አለ ወይ ብዬ ክዳን ስከፍት፣ ከዚያ ይነሳል። ዳር ላይ ስሆን እከፍታለሁ። ያን ቀን ግን ምሰሶውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። ናፍጣም ሞልቻለሁ። አልከፈትኩም።»

ክዳኑን ገለበጥኩ። ቀዳዳው በሰም ተደፍኗል። ሰሙ በጥንቃቄ ተስተካክሎ፣ በጥላሸት ጠቁሮ፣ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ለማያውቅ ሰው ቀዳዳ መኖሩም አይታይም። እነዚያን ቅሎች የደፈነው እጅ ነው የደፈነው።

አውራ ጣቴን ላዩ ላይ አድርጌ ሸፈንኩት። ሐሚድ ዐይን ዐይኔን ያያል።

«ነገ እንጨርሳለን» አልኩት። ገመቹ በገመዱ ወደ ዳር ሳበን።

ሐሚድ ለሶላት ሲሄድ ሰሙን በቢላ ጫፍ ፋቅሁትና ለገመቹ አሳየሁት። ገመቹ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ታሪኩንም ያኔ ነው ከእሱ የሰማሁት። ጀልባዋ እንደመጣች የመጀመሪያው ክረምት በዚያች ቀዳዳ ዝናብ ገብቶ ሞተሩ ቆመ። የመጣው መካኒክ ውሃውን አውጥቶ ለሐሚድ፣ «ናፍጣው ውስጥ ውሃ እንዳይገባ ጠብቅ» ብሎት ሄደ። ሐሚድ የታዘዘውን ጠበቀ። እንዴት እንደሚጠበቅ ደግሞ ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ሥራ ነው።

«ጋሼ፣ አትንገረው» አለ ገመቹ። «ፖምፓው አርጅቶ ነበር፣ ቀየርኩት በለው። እግዚአብሔርም ይኼን ውሸት አይቆጥርብህም።»

እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር። ማታ መርየም ያቀረበችውን ገንፎ እየጎረስኩ የምዋሸውን ውሸት በአፌ ውስጥ አስተካከልኩ። ነገ ብዬዋለሁና ሐሚድ ነገን ጠበቀ።

እሑድ

የቀሰቀሰኝ የሰም ሽታ ነው። ሐሚድ ደጅ ላይ ተቀምጦ በቆርቆሮ ጣሳ ሰም ያቀልጣል። ከወንዙ በላይ ጥቁር ደመና ቋጥሯል። የሰልባትዮው ክዳን ጉልበቱ ላይ ነው።

«ኡስታ፣ ሰሙ ተፋቀ። ዝናብ ደግሞ ይመጣል። እኔ መልሼ ልዝጋው፣ አንተ ሥራህን ሥራ።»

ገመቹ ጥርሱን እየፋቀ በዐይኑ ለመነኝ። ፖምፓው ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ያን ብዬ ብሄድ ግን ያ ሰም በዚያች ቀዳዳ ላይ ይፈስሳል፤ በመጪው ኅዳር የሌላ ሰው ልጅ መሃል ወንዝ ላይ ትቀራለች። የምዋሽበት ቦታ አልነበረኝም። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ሙያዬን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

«አይዝጉት» አልኩ።

«ውሃ ይገባል። መካኒኩ እኔን ውሃ እንዳይገባ አለኝ።»

«ልክ ነው። ግን አየር መግባት አለበት።»

አልገባውም። አጠገቡ ለሶላት ሲታጠብ ውዱ የሚያደርግበት ቅል ነበር፤ ከላይ የመሙያ ቀዳዳ፣ ከጎኑ ደግሞ ቀጭን ማፍሰሻ አለው። ብድግ አድርጌ አዘነበልኩት፤ ውሃው ፈሰሰ። የላዩን ቀዳዳ በመዳፌ ገጥሜ ዘጋሁት። ውሃው ተንጠባጠበና ቆመ። መዳፌን አነሳሁ፤ ፈሰሰ። ቅሉን ከእጄ ወሰደና እሱም ዘጋው፣ ከፈተው። እንደገና ዘጋው፤ አልከፈተውም። ጣሳው ውስጥ ያለው ሰም መንጨርጨር ጀመረ።

«ያን ቀን ሰሙ ነበረ» አለ።

«ነበረ።»

«እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«እርስዎ ነዎት። ውሃ እንዳይገባ የተባሉትን ነው ያደረጉት። ቀዳዳው ለምን እንደተተወ ማንም አልነገረዎትም፤ ጥፋቱ ያ ነው።»

የሰማኝ አይመስለኝም። ጣሳውን ከእሳቱ አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ እጁን አቃጥሎታል፤ አላወቀውም። መርየም ከቤት ወጥታ በበርታኛ ጠየቀችው። በአጭሩ መለሰላት። እሷ ቁጭ አለች። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፤ ማልቀስ የነበረባቸው ሁለቱ እያዩኝ አነባሁ።

ከዚያ መርየም መሬት መሬት እያየች ተናገረች፤ ድምፅዋ አልጨመረም አልቀነሰም። ስትጨርስ ሐሚድ ወደ እኔ ዞረ።

«መርየም እንዲህ ይላል፤ ‘ሂድ፣ ልጄን አምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። ማዶ አዋላጅ ነበረ። እኔ ዓይኔ ፊት ይውለድ ብዬ ነው’ ይላል።» ቀጥሎም፣ «የአዋላጁንም ዛሬ ነው የሰማሁት» አለ።

ሐሚድ ተጠግቷት ተቀመጠ፤ እሷም አልራቀችም።

እኔ ሥራዬን ያዝኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ከመዳብ ቱቦ ቁራጭ ወስጄ እንደ ከዘራ ቆለመምኩት። ክዳኑ ላይ በጋለ ብረት በየድኩት፤ አፉ ወደ ታች ስለሚያይ አየር ያስገባል፣ ዝናብ አያስገባም። ጨርሼ ስሰጠው ሐሚድ በዚያች ቱቦ እፍ አለባትና አየሩ ማለፉን በመዳፉ አረጋገጠ። አንድ ቀዳዳም ያለ ምክንያት እንደማይተው ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰልባትዮው ላይ አጠበቀው።

«እንሻገር» አለ።

ሦስታችን ገባን። ደመናው ሳይዘንብ አለፈ። ሞተሩ ተነሳ። ሐሚድ መሪውን ይዞ ወደ ላይኛው ውሃ አቀናና ሰያፍ ቆረጠው። ጥቁሮቹ ድንጋዮች ጋ ስንደርስ ትንፋሹ ሲቆም አየሁ። የትናንቱ ቦታ አለፈ፤ ከዚያም መሃሉ አለፈ። ሞተሩ አንዲት ጊዜ እንኳ ሳይንተባተብ የጀልባዋ አፍንጫ የማዶውን አሸዋ ነካ።

ሐሚድ ወደ ኋላ ዞሮ የመጣንበትን ዳር አየ፤ ከዚያ እኔን።

«ኡስታ፣ ይህ ብቻ ነው?» አለ። «መንገዱ ይህ ብቻ ነበር?»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ገመቹ ፊቱን ወደ ውሃው አዞረ።

ሲረጋጋ ጀልባዋን አዙሮ መልሶ አሻገረን። እኔና ገመቹ ወረድን፤ ሐሚድ አልወረደም። ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ገመዱን ሳያስር፣ ወደ ላይ ወደ ቤቱ ያያል። «ናፍጣው» አለ ገመቹ በሹክሹክታ፤ ክንዱን ይዤ ዝም አሰኘሁት።

መርየም ቁልቁል መጣች። በሁለት እጇ አንድ የማር ቅል ይዛለች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ውሃው ጋ ስትደርስ ቆመች። ጀልባዋን አየች። ማዶውን አየች። ሐሚድ በበርታኛ አንዲት ቃል ተናገረ። እጁን ዘረጋላት፤ ቅሉን መጀመሪያ ሰጠችው፤ ቀጥሎ እግሯን ከውሃው አንስታ ገባች። ፊት ለፊት ተቀመጠች፤ የጀልባዋን ከንፈር በሁለት እጇ ጨብጣ።

ሄዱ። እኔና ገመቹ ዳር ላይ ቆመን በዐይናችን ሳይሆን በጆሯችን ተከተልናቸው። ቱቦውን የቆለመምኩት፣ ፊልትሮውን የቀየርኩት፣ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ቢሆንም መሃል ሲደርሱ ገመቹ እጄን ጨብጦ ይዞኝ ነበር፤ እኔም ጨብጬው ነበር። ድምፁ እየራቀ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ አልተቆረጠም። ማዶ ከደረሱ በኋላ ነው ሐሚድ በገዛ እጁ ያጠፋው።